ቀን የተቆረጠለት ሞት

ባሕር ላይ የቀረ አያት ወይም ቅድመ አያት ፈልግልን ብለው ወደ እኔ የሚመጡ ቤተሰቦች ይዘው የሚመጡት የሰውየውን ስም ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቃቸው የመርከቡን ስም ነው። ቅር የሚላቸው አሉ፤ ስለ ሥጋ ዘመዳቸው መጥተው ስለ ብረት የተጠየቁ ይመስላቸዋል። የእንግሊዝ የንግድ መርከበኞች መዝገብ ግን የተሠራው እንደዚያ ነው። ከ1857 እስከ 1913 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መርከበኛን በየስሙ የሚመዘግብ ማዕከላዊ መዝገብ አልነበረም። የነበረው መርከቡ ሊነሣ ሲል ካፒቴኑና ሠራተኞቹ የሚፈራረሙበት የቅጥር ውል ነው፤ እሱም የሚገኘው በመርከቡ የምዝገባ ቁጥር ነው። ለንደን ታወር ሂል ላይ ያለው መታሰቢያ እንኳ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መቃብር ሳያገኙ የቀሩ 12,000 ያህል፣ በሁለተኛውም 24,000 ያህል መርከበኞችን የያዘው በየመርከባቸው ሥር ደርድሮ ነው።

ከ1861 እስከ 1938 የተጠራቀመው የውል ወረቀት ለማስቀመጫ አስቸግሮ ብዙው ሊወገድ ሲል ተከፋፈለ። አንድ አሥረኛው ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቀረ። በ5 የሚያልቁ ዓመታት ውሎች ግሪንች ወዳለው የባሕር ሙዚየም ሄዱ። 70 በመቶ የሚሆነውን ኒውፋውንድላንድ ያለው የካናዳ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። የእንግሊዝ መርከብ ፍለጋ አትላንቲክን መሻገሩ ብዙ ሰው ይገርመዋል። እኔ ግን ያንን ዩኒቨርሲቲ ሳላመሰግን የማልፍበት ሳምንት የለም። ማንም የማይፈልገውን ወረቀት በመርከብ ጭኖ ወስዶ መደርደሪያ የሰጠ ተቋም ነው።

ውሉ በሁለት ቅጂ ይፈረም ነበር። አንዱ ከካፒቴኑ ጋር ይጓዛል፤ ሌላው ወደቡ ላይ ባለው የመርከበኞች ቅጥር ጽሕፈት ቤት ይቀራል። መርከቡ ከነሰዉ ሲሰጥም የካፒቴኑ ቅጂ አብሮ ይሰጥማል፤ ዛሬ የምናነበው የብስ ላይ የቀረውን ነው። ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሞላ ወረቀት ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ከዚህ በፊት የሠራበት መርከብ፣ የፈረመበት ቀንና ቦታ፣ የሥራ ድርሻ፣ የወር ደመወዝ፣ በቅድሚያ የወሰደው ገንዘብ፣ ለቤተሰቡ የሚከፈል ተቆራጭ በየዓምዱ ተጽፏል። መጻፍ ያልቻለ ሰው የመስቀል ምልክት አድርጓል። በቀኝ በኩል ከመርከቡ የወረደበት ቀን፣ ቦታና ምክንያት አለ። በደኅና በተመለሰ መርከብ ላይ ይህ ዓምድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ቦነስ አይረስ ላይ ከድቶ ቀርቷል፣ አንዱ ሆስፒታል ገብቷል፣ አንዱ በስምምነት ወርዷል። በጠፋ መርከብ ላይ ከካፒቴኑ እስከ ወጥ ቤቱ ልጅ ድረስ በአንድ እጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ቃል ተደጋግሞ ወርዷል። ይህን ሥራ ስለለመድኩት አልቀለለኝም፤ ከእንዲህ ያለው ገጽ ላይ ዓይኔን ቶሎ ማንሣት አይሆንልኝም።

በቅርቡ የያዝኩት ጉዳይ የአንድ የካርዲፍ አዛውንት ነው። አያታቸው ከኤደን መጥቶ በከሰል መርከቦች ላይ እሳት አንዳጅ የነበረ ሰው ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በክረምት፣ ከሰል ጭኖ ወደ ደቡብ አሜሪካ ከወጣ መርከብ ጋር ቀረ። በካርዲፍና በሳውዝ ሺልድስ የነበሩ የየመንና የሶማሌ እሳት አንዳጆች ስማቸውን የሚሰጡት እንደኛው የራሳቸውንና የአባታቸውን አድርገው ነው። ጸሐፊው ደግሞ የአባትየውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ጸሐፊ ገልብጦ ይጽፈዋል። በውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ከፓስፖርቱ ጋር ሲታገል የሚያውቀው ጣጣ ስለሆነ ፍለጋዬን ከሁለቱም ስም ጀመርኩ። ያም ቢሆን በዚያ ስም የተመዘገቡ እሳት አንዳጆች ብዙ ነበሩ። የለያቸው የመርከበኛ ደብተሩ ቁጥር ነው፤ ደብተሩ ከእሱ ጋር ቢሰጥምም ቁጥሩ በውሉ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

ያ ቁጥር ወደ አንዲት ካርድ አደረሰን። ከ1913 ወዲህ የተጀመረው የመርከበኞች ምዝገባ በካርድ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካርዶች በ1969 ተወግደዋል። ከ1918 እስከ 1921 ከተሞሉት ብዙዎቹ ግን ዛሬም ሳውዝሃምፕተን ከተማ ቤተ መዛግብት አሉ፤ በጀርባቸውም ፎቶግራፍ አለባቸው። የአዛውንቱ አያት ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀና ብሎ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት እያየ ተነሥቷል። የልጅ ልጁ ዛሬ በዕድሜ ከእሱ በእጥፍ ይበልጣሉ። «ጆሮው የአባቴ ነው» አሉኝ።

ከዚያ የቀኑ ነገር መጣ። ቤተሰቡ በየዓመቱ ዱዓ የሚያስደርግበት ቀን አለ። ቀኑም በሟች መርከበኞች መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይስማማል፤ ይህ ደግሞ ለአዛውንቱ ማረጋገጫ ሆነላቸው። ቀኑ ከየት እንደመጣ መናገር የእኔ ፈንታ ሆነ።

በ1894ቱ የንግድ መርከቦች ሕግ፣ ከወደብ ከወጣ በኋላ 12 ወር ሙሉ ወሬው ያልተሰማ መርከብ ከነሰዉ እንደጠፋ ይቆጠር ነበር። የጠፋውም ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰማበት ሰዓት በኋላ ወዲያው፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ይሆናል ብሎ በሚገምተው የኋላ ጊዜ ነው ይል ነበር። ዓላማው ደመወዝ እስከየት ቀን ድረስ እንደሚከፈል መወሰን ነበር። ዋራታ የተባለችውን መርከብ እንውሰድ። በጁላይ 26 ቀን 1909 ከደርባን 211 ሰዎች ይዛ ወደ ኬፕታውን ተነሣች፤ በማግስቱ ክላን ማኪንታየር ከተባለ መርከብ ጋር ምልክት ተለዋወጠች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። የለንደኑ የመድን ገበያ ሎይድስ ጠፍታለች ብሎ የለጠፈው በዲሴምበር ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ ማን መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ሞተሯ ተሰብሮ ቀናት ተንሳፋ ሊሆን ይችላል፤ ዘመዶች ለወራት ያመኑት ይህንኑ ነበር። ለባለ ተቆራጭ ሚስት ግን ሕጉ የሚያውቀው የመጨረሻውን ወሬ ነበር። ይህ የሰውን ውል ከመርከቡ ጋር የሚያሰጥም ልማድ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘልቋል። እስከ ሜይ 1941 ድረስ መርከቡ በቶርፔዶ የተመታበት መርከበኛ፣ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ እያለ እንኳ፣ የቅጥር ውሉ መርከቡ ከሰጠመበት ቀን ጀምሮ ይቋረጥ ነበር።

የኤደኑ ሰው ቀንም እንደዚሁ ነው። ሌላ መርከብ ለመጨረሻ ጊዜ ያየውን ቀን ጸሐፊው ወስዶ ከሁሉም ስም ፊት አሰፈረው፤ በዚያ ቀን መርከቡ ገና በደኅና እየሄደ ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል መዝገቡ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጠው «የሞተበት ቀን» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ቤተሰብ ከእኛ የሚወስደውን ወረቀት ለልጅ ልጅ ያስተላልፈዋል፤ ስለዚህ በማጠቃለያዬ ላይ በሕይወት መኖሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀበትን ቀንና በሕግ የተወሰነለትን ቀን በሁለት መስመር ለይቼ እጽፋለሁ። የዱዓውን ቀን ግን ይቀይሩ ብዬ አላውቅም፤ ለዚህ መብቱም የለኝም። አዛውንቱ ሁለቱን መስመር አንብበው ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው እስከዚያ ቀን ነበረ ማለት ነው» አሉኝ። እንደዚያ መነበብ እንደሚችል እስከዚያ ድረስ አላሰብኩም ነበር።

አሁን የምንሠራው ወደ ኋላ ነው። በውሉ ላይ ካለው የቀድሞ መርከብ ስም ወደዚያ መርከብ ውል፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተሻገርን በመጀመሪያ ከኤደን የወጣበትን ጉዞ እንፈልጋለን። አብዛኛው ወረቀት ኒውፋውንድላንድ ነው፤ ጥያቄ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነው። የ1925ቱ ውል ግሪንች ስለሚገኝ ማክሰኞ አብረን ሄደን እናየዋለን።