ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤት ይጸዳል። እናት ሳሎኑ ጥግ ላይ ቀንና ሌሊት የሚያጉረመርመውን ጥቁር ሣጥን አይተው፣ «ይህ ደግሞ በከንቱ መብራት ይበላል» ብለው ገመዱን ይነቅሉታል። ሻባት ሲወጣ ልጅ ሊያስነሳው ቢሞክር የወራት ሥራው አልከፈት ይላል።

ኮምፒውተር የሚማር ልጅ ካላችሁ እንዲህ ያለ ሣጥን ቤታችሁ ሊኖር ይችላል። ሰርቨር ይባላል። በውስጡ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ተከራይ እንደሚኖረው ማለት ነው። አንዱ የቤተሰቡን ፎቶ ይይዛል፣ በሌላው ልጁ ትምህርቱን ይለማመዳል።

ኮምፒውተር የሚሠራውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም፤ ጥቂቱን ለጊዜው በማስታወሻው ይይዛል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ያ ይጠፋል፤ እየተጻፈ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨር ሲሆን ደግሞ በአንድ ገመድ ሁሉም ማሽኖች አብረው ይወድቃሉ።

ጨርሶ አለማጥፋትም ልክ አይደለም፤ አንዳንድ የደኅንነት ማሻሻያዎች የሚሠሩት ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። አጠፋፉ ግን ሥርዓት አለው፦

1. ፎቶና ሰነድ ከሰርቨሩ ውጭ ባለ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀዳል። እዚያው ያለ ቅጂ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

2. የውስጥ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ለሌሎቹ ፋይል የሚያከማቸው መጨረሻ ይዘጋል፤ ሲነሳ ግን እሱ ይቀድማል።

3. ሁሉም መዘጋታቸው ከታየ በኋላ ሰርቨሩ ራሱ በፕሮግራሙ በኩል ይጠፋል።

ፕሮክስሞክስ በሚባለው ፕሮግራም ይህን ተራ አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል። በተለምዶ አንድ ቨርቹዋል ማሽን እስኪዘጋ እስከ 180 ሴኮንድ ይጠብቃል። ስለዚህ «አልጠፋም አለ» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የማብሪያ ቁልፉንም ተጭናችሁ አትያዙ፣ ገመድ እንደመንቀል ነውና። ጭስ ወይም ውኃ ካያችሁ ግን ሣጥኑን ሳትነኩ ከዋናው ማጥፊያ መብራቱን አቋርጡ። ከፋይል ሰው ይበልጣል።

ሰርቨርን ከሻባት ሰዓት ጋር አታገናኙ፤ ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱን ሳያስጠነቅቅ ይቆርጥበታል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ አለ፤ በዕብራይስጥ «አል-ፔሴክ» ይሉታል። ስትገዙ ለሰርቨሩ «መብራት ሄዷል፣ ተዘጋ» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍበት የዩኤስቢ ገመድ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ባትሪው ሲያልቅ ያው ድንገተኛ መቋረጥ ነው።

ሰርቨርን በሥርዓት ማጥፋትና ማስነሳት የኮምፒውተር ሲስተም አስተዳዳሪዎች የሚከፈሉበት ሥራ ነው። ልጃችሁ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሠራና እንዴት እንደጠበቀው መናገር ይችላል።

ዛሬ ማታ «ይህ እንዴት ይጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ሣጥኑ አጠገብ ይለጥፍላችሁ።