ስኬች፦ የፈጣን እጅ ሥራ

በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ትልቅ የወንጀል ጉዳይ ሲታይ ከጋዜጠኞቹ መካከል አንድ ሠዓሊ አይጠፋም። ሠዓሊው ግን ችሎት ላይ እርሳሱን አንሥቶ መሣል አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ ችሎቶች ፎቶግራፍ ማንሣትን ብቻ ሳይሆን የዳኛን፣ የምስክርን ወይም የተከሳሽን መልክ መሣልንም ይከለክላል። ስለዚህ ሠዓሊው አተኩሮ ያያል። የከረባቱን ቀለም፣ የፀጉሩን አከፋፈል፣ ተከሳሹ እጁን የት እንዳሳረፈ በቃላት ብቻ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። ከዚያ ከችሎቱ ይወጣና በዓይኑ የያዘውን ሳይጠፋበት ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ለማታው ዜና መድረስ ስላለበት የሚባክን ደቂቃ የለውም።

በዚህ ዓይነት ጥድፊያ የሚወለደው ሥዕል ስኬች ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው ስኬችን የሚያውቀው ለዋናው ሥዕል መንደርደሪያ፣ ሲያልቅ የሚጣል ጭረት አድርጎ ነው። የቃሉ የዘር ሐረግ ግን ስለ መጣል ምንም አይናገርም። እንግሊዞች በ17ኛው መቶ ዘመን ከደች ቋንቋ ወሰዱት። ደቾች ያገኙት ከጣሊያኖች ነው፤ ጣሊያኖች ደግሞ ከላቲን፣ ላቲንም ከግሪክ። በግሪክ «ሳይዘጋጁበት እዚያው የተሠራ» ማለት ነበር፤ በላቲንም ድንገት ለተገጠመ ግጥም ይውል ነበር። ከሥዕል በፊት ፍጥነት ነበረ ማለት ነው። የስኬች ዋጋም ያለው እዚሁ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ጊዜ ያጣ እጅ ሁሉንም መያዝ ስለማይችል የግድ ይመርጣል።

ምርጫው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማየት የፓብሎ ፒካሶን «ጌርኒካ» ማስታወስ ይበቃል። ኤፕሪል 26 ቀን 1937 የጀርመንና የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች በሰሜን ስፔን ያለችውን የባስኮች ከተማ ጌርኒካን በቦምብ አጋዩዋት። ፒካሶ በዚያን ጊዜ ፓሪስ ነበር። ለዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን የስፔን አዳራሽ ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ ከተጠየቀ ወራት አልፈዋል፤ የሚሣለው ነገር ግን አልያዘለትም ነበር። የጥፋቱ ወሬ ሲደርሰው ሜይ 1 ቀን እርሳሱን አነሣ። በዚያች አንድ ቀን በሠራቸው ስኬቾች ላይ በሬው አለ፣ የቆሰለው ፈረስ አለ፣ በመስኮት ብቅ ብላ መብራት የዘረጋችው ሴትም አለች። አንዳንዱ መስመር ሕፃን ልጅ የጫጫረው ይመስላል። ከፈረሱ ቁስል ውስጥ የሚወጣ ትንሽ ክንፋም ፈረስም ነበር፤ እርሱ በኋላ ቀረ። ፒካሶ ከ40 የሚበልጡ ንድፎችን እየሠራ፣ እየቀየረና እየተወ ቀጠለ። ወደ 3.5 ሜትር ቁመትና 7.8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሸራም በጁን መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ዛሬ ማድሪድ በሚገኘው ሬይና ሶፊያ ሙዚየም የሚታዩት እነዚያ ንድፎች ለታላቁ ሥዕል አባሪ ብቻ አይደሉም። አንድ ሰው ድንጋጤውን እንዴት ወደ ቅርጽ እንደለወጠው በየቀኑ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው።

ሄንሪ ሙር የገጠመው ፈተና ከችሎት ሠዓሊዎቹ ጋር ይመሳሰላል። በሴፕቴምበር 1940 የናዚ አውሮፕላኖች ለንደንን ሲደበድቡ ሕዝቡ ከምድር በታች ወደሚሄደው ባቡር ጣቢያዎች እየወረደ ያድር ነበር። ቀራፂው ሙር አንድ ሌሊት በባቡር ሲመለስ በጣቢያው ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተደረደሩትን እናቶችና ልጆች አየ። ደግሞ ደጋግሞም ወደዚያ ወረደ። ይሁን እንጂ የተኙ ሰዎች ፊት ቆሞ መሣልን ነውር አድርጎ ስለቆጠረው በኪሱ ወረቀት ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ እየጻፈ ቤቱ ሲገባ ከትዝታው ይሥላቸው ነበር። የሰዎቹን ክብር መጠበቁ ሥዕሉን አልጎዳውም። የመጠለያው ስኬቾች ስሙን ከሥነ ጥበብ ወዳጆች ክበብ አልፎ በሕዝቡ ዘንድ እንዲታወቅ አደረጉት።

ስኬች የሠዓሊዎች ብቻም አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1837 በአንድ የማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከአንድ ግንድ ወደተለያየ አቅጣጫ የሚበታተኑ ቅርንጫፎችን በቀለም ብዕር ጫረ። ሕያዋን ሁሉ ከጋራ ምንጭ ተነሥተው የተለያዩበትን ሐሳብ የያዘው ይህ ጭረት ለውበት ውድድር አይቀርብም። ሐሳቡን በመጽሐፍ ያሳተመው ግን ከ22 ዓመት በኋላ ነው፤ ዛፏ ያን ሁሉ ጊዜ ቀድማው ቆማለች። ደብተሩ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለሃያ ዓመት ያህል ጠፍቶ በማርች 2022 አንድ ያልታወቀ ሰው በሮዝ ቀለም የስጦታ ከረጢት አድርጎ ትቶት ሲሄድ፣ የሳይንስ ዓለም የተደሰተው ለወረቀቱ ዕድሜ ብቻ ብሎ አልነበረም።

ቃሉ ከወረቀት ወጥቶም ብዙ ቦታ ደርሷል። ወጣቱ ቻርልስ ዲከንስ የለንደንን ጎዳናና ኑሮ በአጫጭር ጽሑፎች ሲያሳይ ስብስቡን ስኬች ብሎ ሰየመው፤ በ1836 ታተመ። በቴሌቪዥን ደግሞ ጥቂት ደቂቃ የምትፈጅ ራሷን የቻለች የቀልድ ትዕይንት ስኬች ትባላለች፤ በ1969 በቢቢሲ የጀመረው «ሞንቲ ፓይተን»ና በ1975 በአሜሪካ የተከተለው «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የቆሙት በእርሷ ላይ ነው። በ1963 ደግሞ አይቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሠራውን፣ ሰው በብርሃን ብዕር በኮምፒውተር ስክሪን ላይ መስመር እንዲያሰምር ያስቻለ ፕሮግራም «ስኬችፓድ» አለው። የዛሬ መሐንዲሶች ቤትና ድልድይ የሚነድፉባቸው ሶፍትዌሮች ዘራቸው እዚያ ይደርሳል።

ከስሙ የወጣው ቅጽል ግን ክፉ መንገድ ይዟል። መረጃው «ስኬቺ» ነው ሲባል የተሟላ አይደለም ማለት ነው። በአሜሪካ የወጣቶች አነጋገር ደግሞ የማያስተማምን ሰውና ለምሽት የማይመች ሰፈር ሁለቱም «ስኬቺ» ናቸው። ልጆቹ በዋሽንግተን ወይም በአትላንታ ያደጉለት ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን ቢሰማ ሥዕል ፍለጋ ባይሄድ ይሻላል።

ወደ ወረቀቱ ስንመለስ፣ የሥዕል ትምህርት ቤቶች የስኬችን ፍጥነት ሆን ብለው ያስተምሩታል። ሞዴሉ ለ30 ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቆሞ አቋሙን ይለውጣል። ተማሪው ላጲስ የሚያነሣበት ጊዜ የለውም። ጣትና ቅንድብ ይቀራሉ፤ ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ ጀርባው ወዴት እንደጎበጠ ብቻ ይያዛል። ጀማሪው ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ይተክላል፤ የለመደው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሰውየውን ነው።

ሥዕል አልችልም የሚል አንባቢም ከዚህ አይቀርም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ተራ ቃላት ተሰጥተዋቸው ገሚሱን ደጋግመው እንዲጽፉ፣ ገሚሱን ደግሞ በፍጥነት እንዲሥሉ ተደርጎ ነበር። በኋላ ሲጠየቁ የሣሏቸውን ቃላት ከጻፏቸው አብልጠው አስታወሱ። የሥዕሉ ማማርና አለማማር ለውጥ አላመጣም።