የሚያዳምጥ ባለሙያ እንዴት ይገኛል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። አሁን አሁን ግን ችግሩ መደበቁ ብቻ አይደለም። ሕመሙን ለመናገር የቆረጠውም ሰው ለማን እንደሚናገር ግራ ሲገባው ይታያል።

ለምሳሌ አንዲት የባንክ ሠራተኛ እናስብ። ዲግሪ አላት፤ ደመወዟም ክፉ የሚባል አይደለም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነቃና እስኪነጋ ዐይኗን አትከድንም። ራሷን ያቃጥላታል፤ ልቧ በድንገት ይመታል። መጀመሪያ የሄደችው ለጨጓራ ነው፤ ቀጥሎ ለልብ። የምርመራው ውጤት ሁሉ «ደህና ነሽ» ይላል። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ የእንክብል ማዘዣ ይጽፍላታል። ጉዳዩ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። እሷ ግን ልትናገረው የፈለገችው ነገር ነበራት። እንክብሉን ሳምንት ወስዳ ትተወዋለች።

ይህች ሴት ያጣችው ሳይኮቴራፒ ወይም በአማርኛው የንግግር ሕክምና የሚባለውን ነው።

በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። ብዙ ሰው «የአእምሮ ሐኪም» እያለ በአንድ ስም የሚጠራቸው ባለሙያዎች የተለያዩ ናቸው። ሳይካትሪስት ሕክምና ከተማረ በኋላ በአእምሮ ሕመም ላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ሲሆን መድኃኒት ያዛል። ይህ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሙያውን ለመማር ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬም ቁጥራቸው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሙ ቶሎ የሚያሰናብተው ማዳመጥ ስለማይወድ ሳይሆን በሩ ላይ ገና ብዙ ሰው ስለሚጠብቀው ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ መድኃኒት አያዝም፤ መሣሪያው ንግግር ነው። ከእነዚህ ውጭ «አማካሪ» እና «የሕይወት አሠልጣኝ» የሚል ስም ያላቸው አሉ። ከመካከላቸው በቂ ትምህርት ያላቸው አይጠፉም፤ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ወስደው ቢሮ የከፈቱም አሉ። ታፔላው ብቻውን አይለያቸውም።

ዓላማ ያለው የንግግር ሕክምና ሲባል ከወዳጅ ጋር ቡና እየጠጡ ከመጫወት በምን ይለያል? ወዳጅ ያጽናናል፤ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ይላል። ባለሙያው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች «ይህ ሕክምና ቢሳካ ሕይወትሽ በምን ይለወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ደስተኛ መሆን እፈልጋለሁ» ከሆነ አይበቃውም። «በሳምንት አምስት ሌሊት መተኛት»፣ «ስብሰባ ላይ ሳልንቀጠቀጥ መናገር» እስኪባል ድረስ ያወርደዋል። ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይለካል። ለድብርት መለኪያ ከሚያገለግሉት አንዱ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ነው፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ነጥቡም ከ0 እስከ 27 ነው። በአማርኛ ተተርጉሞም በጥናት ተፈትሿል።

የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ዋነኛ አባት አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው ዘዴ ሰው ስለ ራሱ በውስጡ የሚደጋግመውን ሐሳብ አውጥቶ በማስረጃ እንዲመረምር ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈጃል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉ ከሐራሬ የሚመጣ መልስ አለ። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ በየሠፈሩ የታወቁ አሮጊቶችን አሠልጥኖ፣ ሰዎች ከችግሮቻቸው አንዱን መርጠው መፍትሔ እንዲያወጡለት የሚረዱበትን ዘዴ ዘረጋ። በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሞ ሲወጣ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት በግልጽ ተሽለው ተገኙ። የቀጠሮው ብዛት ስድስት ነበር። ሕመሙንም በሾና ቋንቋ የሚጠሩት «ከልክ በላይ ማሰብ» ብለው ነው። እኛ «ሐሳብ በዛብኝ» የምንለው መሆኑ ነው።

«ሆሊስቲክ» የሚለው ቃል ግን ጠንቀቅ ማለትን ይጠይቃል። ቅጠላ ቅጠልና ውድ ዘይት የሚሸጡም ይጠቀሙበታልና። በትክክለኛ ትርጉሙ ሰውን ሙሉ አድርጎ ማየት ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ በቀን ስንት ስኒ ቡና እንደሚጠጡ ይጠይቃል። ስለ ትዳር፣ ለቤተሰብ ስለሚላከው ገንዘብ፣ ስለ እምነትም ይጠይቃል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ጭንቀትም ድብርትም ሊመስል ስለሚችል ምርመራ ካልተደረገ ወደ ሐኪም ይልካል። ጠበል የሚሄደውን ሰው በእምነቱና በሕክምናው መካከል ምረጥ አይለውም። መድኃኒት ጀምሮ የነበረውንም «ጣለው» አይለውም፤ ይህን የሚል ካጋጠመዎ ይሽሹ። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ጉዳት አለው፤ ጠንከር ላለ ድብርትም ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ የተሻለ ይሠራሉ።

እንግዲህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። ምን እንደተማረ፣ ከጤና ተቆጣጣሪው አካል የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ በምን ዘዴ እንደሚሠራ፣ መሻሻልዎን በምን እንደሚያውቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። በግል የሚሠሩት ዘንድ ክፍያው በየቀጠሮው ስለሆነ ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ በግምትም ቢሆን መስማት መብትዎ ነው። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ባለሙያ ገና በስልክ ራሱን ገልጧል።

ውጭ አገር ካለ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት መነጋገርም አማራጭ ሆኗል። ሆኖም በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ በመሆኑ፣ ባለሙያው አዲስ አበባ ያለን ሰው ማከም ይፈቀድለት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ምርጫ ለማድረግ ጊዜ የማይሰጡ ሁኔታዎችም አሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ መስማት፣ ለቀናት ሳይተኙ ከልክ በላይ መነቃቃት ሲታዩ ነገሩ የቀጠሮ አይደለም፤ አማኑኤል ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በሰው ታጅቦ መሄድ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረች፤ ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ የምትከብደው እሷ ሳትሆን አትቀርም። «ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ብንገናኝ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ከተማዋ ሰፊ ትመስላለች እንጂ የእርስዎ ባለሙያ የአማትዎ ዕድርተኛ ሊሆን ይችላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው «እርስዎ ቀድመው ሰላም ካላሉኝ አላውቅዎትም» ይላል።