የጨው ከረጢትና የሴቲቱ አንገት

ከሽሮ ሜዳ ገበያ ቆሞ ወደ እንጦጦ ለተመለከተ ሰው፥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ዛሬም ከሩቅ ይታዩታል። ከሸክሙ ክብደት የተነሣ ፊታቸው ወደ መሬት ያዘነበለ ስለ ሆነ፥ ዐላፊ አግዳሚው አንገታቸውን አያይም፤ ነጠላውም የቀረውን ይሸፍነዋል። እንጨቱን ሸጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ሱቅ ጎራ ይላሉ። ዘይት የተወደደ እንደ ሆነ ይቀነሳል፤ ስኳር የጠፋ እንደ ሆነ ይታለፋል፤ ጨው ግን አይቀርም። ባለሱቁ በበኩሉ ከጨው የሚያገኘው ትርፍ ከቁጥር የማይገባ ስለ ሆነ፥ ከረጢቱን በደጃፉ ላይ ዘርግፎት ይውላል፤ ስለ እርሱም ብዙ አያስብም።

ስለዚሁ ጨው አጥብቀው ያሰቡ ሰዎች ግን በዚያው በጉለሌ፥ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ሠፈር ይገኛሉ። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በቦታው ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፥ ዛሬ በዚያ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከአንድ የሕግ ቁጥር በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቀድሞው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት፥ ማለት ሽማግሌ ነጋዴዎች ፋፋ በተባለው የሕፃናት ምግብ የሚያስታውሱት፥ በ1995 ከሌሎች የጤና ምርምር ተቋሞች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ። አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ተቋም የወጣና በ2007 በቸርነት አቡዬና በየማነ ብርሃኔ ስም የታተመ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 10,998 ሴቶች በየቤታቸው ተጐብኝተው አንገታቸው ተመረመረ። ከነዚህም መካከል 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኘባቸው። በ11.5 በመቶው ላይ እንቅርቱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ በቀሩት ላይ በእጅ ሲዳሰስ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ይህ ወደ አገሪቱ የሕዝብ ቁጥር ሲመለስ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሴቶች ማለት ነው። በደቡብ፥ በኦሮሚያ፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በትግራይ ክልሎች ቁጥሩ ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ ብቻውን ባልከፋ። ጥናቱ ከዚያ አልፎ፥ እንቅርት ያለባቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ፅንስ ብዙ ጊዜ እንደሚጨናገፍባቸው ገለጠ። በአገራችን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ተረት መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተረቱ ከተረትነት አልፎ የቤት ታሪክ ሆኗል። ፅንሱ የጠፋባት ሴት ምክንያቱን በራሷ ወይም በሰው ዓይን ስታላክክ ትኖራለች እንጂ፥ ከአንገቷ እብጠት ጋር ታገናኘዋለች ተብሎ አይታሰብም። ከተጠየቁትም ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የበሽታውን መነሻም ሆነ አዮዲን ያለበት ጨው ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም አያውቁም ነበር።

እንቅርት ወንዶችንም ይይዛል፤ ዳሩ ግን ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል። በአንገት ውስጥ ያለው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ሲሆን፥ ለዐዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፤ ምክንያቱም የፅንሱ አእምሮ የሚበስለው ከእርሷ በሚያገኘው ነው። ዕጢው የጎደለውን ለማሟላት ሲጥር ያብጣል። ስለዚህ ያበጠ አንገት የውበት ጉድለት ሳይሆን የዕዳ መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ረጅም ዘመን እንደ ውበት ጉድለት ብቻ ስለ ታየ፥ ሴቲቱ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ ቤተሰቡም ካልታመመች ብሎ ይተወዋል፤ ወደ ሐኪም የምትደርሰው እብጠቱ መተንፈሻዋን ሲጫን ነው። በ2016 በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ100 ሴቶች 70ው ወደ ሕክምና ለመሄድ ቢያንስ አንድ እንቅፋት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ገንዘብም ርቀትም፥ ፈቃድ ማግኘትም ከእንቅፋቶቹ መካከል ናቸው።

የአዮዲን ነገር በዓለም እንዴት እንደ ታወቀ ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ አክሮን በተባለች ከተማ፥ ዴቪድ ማሪን የተባሉት ሐኪም ከባልደረባቸው ከኪምቦል ጋር በ1917 ገደማ ከአራት ሺህ በላይ ልጃገረድ ተማሪዎችን ይዘው ሞከሩ። አዮዲን በወሰዱት ላይ አዲስ እንቅርት ሊታይ አልቻለም ለማለት ይቻላል፤ ባልወሰዱት ላይ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ወጡ። ስዊስ በ1922፥ የሚሺገን ግዛት በ1924 አዮዲን የገባበትን ጨው በሱቅ መሸጥ ጀመሩ። በሚሺገን መድኃኒቱን ለሕዝብ ያደረሱት የግሮሰሪ ባለቤቶች ናቸው። ሴቶችን ለይቶ የመዘነው ምርመራ ለወንዱም ለሕፃኑም መድኃኒት ሆነ።

ነገር ግን የሕክምና ምርምር ሁልጊዜ በዚህ መንገድ አልሄደም። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በእናታቸው ማኅፀን ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን ጎድቶ በ1961 ከገበያ ከወጣ በኋላ፥ ፍርሃት ነገሠ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1977 መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ የሚመክር መመሪያ አወጣ። ሐሳቡ ሴቶችን ለመጠበቅ ነበር፤ ውጤቱ ግን መጠኑ በወንድ ገላ የተለካ መድኃኒት ለሴት መሸጥ ሆነ። መመሪያው የተሻረው በ1993 ነው። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ሃያ ዓመት ያህል ከተሸጠ በኋላ፥ የሴት ገላ ቀስ ብሎ የሚያስወግደው መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፥ በ2013 ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን በግማሽ እንዲቀነስ ተደረገ። መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት ለይስሙላ የተቀመጠ አድርጎ እንዳያየው ይህ አንድ ምክንያት ነው። አሥር ሺህ ሴቶች የተዳሰሱበት ምርመራ ዋጋው የሚታወቀውም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ፤ የኢትዮጵያ እንቅርት በከፊል የንግድ መንገድ ታሪክ ነውና። አሞሌ ገንዘብ የነበረበት ዘመን ካለፈ በኋላ፥ የከተማው ሰው የሚበላው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳር፥ ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያ በኩል የሚመጣው ጨው በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እርዳታ አዮዲን ይገባበት ጀመረ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። ነጋዴው በፍጥነት ፊቱን ወደ አፋር፥ ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረ፤ ገበያውም ያለ ጨው አልቀረም። በዚህ ረገድ ነጋዴው ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና የአፍዴራ ጨው ከብዙ ትንንሽ አምራቾች ይወጣ ስለ ነበር፥ አዮዲን የሚረጭበት መሣሪያም ሥርዓትም አልነበረውም። ጨውነቱ ያው ነው፤ ጣዕሙ ያው ነው፤ ዋጋው እንዲያውም ሳይሻል አልቀረም። የጎደለው በምላስ የማይታወቅ ነገር ነበር። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 አወጣ፤ ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን ሳይገባበት እንዳይሸጥ ታዘዘ። የፖታሲየም አዮዴት መግዣ ለአንድ ሰው በዓመት ሲታሰብ ከጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም አይበልጥም፤ ክርክሩ የነበረው ማን ይክፈለው፥ ማንስ ይርጨው በሚለው ላይ ነው። በ2016 ጥናት ላይ ጨዋቸው ከተመረመረ 100 ቤቶች በ89ኙ አዮዲን ተገኘ። ከ15 ወደ 89 በ5 ዓመት ውስጥ! ከሆስፒታል ግንባታ የመጣ ለውጥ አይደለም፤ በአምራች፥ በጅምላ ሻጭና በባለሱቅ እጅ የተፈጸመ ነው።

ሆኖም አዮዲን አለ ማለትና በቂ አዮዲን አለ ማለት አንድ አይደሉም። በቤት ውስጥ በሚገኝ ጨው ላይ ቢያንስ በአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም መኖር አለበት ተብሎ በዓለም የጤና ድርጅት ተወስኗል። ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አንዳንዱ ጉድለት የሚመጣው ከአምራቹ ነው፤ በአካፋ የተቀላቀለ ጨው በአንድ በኩል በዝቶ በሌላው ያንሳል። ሌላው ጉድለት በመንገድና በመጋዘን የሚደርስ ነው። ጨው እርጥበት ሲጠጣ አዮዲኑ ከውሃው ጋር ወደ ታች ወርዶ በከረጢቱ ሥር ይፈስሳል። ፀሐይና ሙቀትም ይቀንሱታል። ባዶ ወለል ላይ የተቀመጠ ከረጢት፥ ወይም ክረምቱን በሚያፈስ ጣራ ሥር የከረመ፥ ደረሰኙ ትክክል ቢሆንም ዕቃው ትክክል አይደለም።

ጅምላ ሻጩ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ከስታርች የተሠራ የመመርመሪያ ጠብታ አለ፤ በጨው ላይ ሲንጠባጠብ አዮዲን ካለበት ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ ከሌለበት ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። በየጭነቱ አንድ ጊዜ መሞከር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቸርቻሪው ደግሞ ቀድሞ የገባውን አስቀድሞ ቢሸጥ፥ ከረጢቱን በሳንቃ ላይ ከፍ ቢያደርገው፥ ክዳን ባለው ዕቃም ቢይዘው ገንዘብ አያስወጣውም። በክፍት ከረጢት በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ጨው ገዢዋ የምታምነው ባለሱቁን አምና ብቻ ነው፤ የምታነበው ጽሑፍ የለበትምና። ሐኪም ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ላትረግጥ ትችላለች፤ ሱቁን ግን በየሳምንቱ ትረግጣለች።

ጠዋት ከእንጦጦ የወረዱት ሴቶች ወደ ማታ ሲመለሱ፥ በሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ገና ክፍት ናቸው። በአንዳንዶቹ ደጃፍ የጨው ከረጢት አፉ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ በሌሎቹ ታሽጎ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዋጋው በሁለቱም ዘንድ ተቀራራቢ ነው።