የወየበ ሁሉ ያረጀ አይደለም

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአራቱ ወንጌላት ብራና ዕድሜው የታወቀው በመልኩ አይደለም። የገዳሙ አበምኔት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ እንደሰጡት ብራናው ላይ ተጽፏል፤ ሥዕላቸውም አብሮ አለ። ጥንታዊ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜን ከቀለም ማንበብ ይወዳል።

«ከወየበ የጥንት ነው» የሚለው እምነት አታላዮችን ጠቅሟል። የዝሆን ጥርስ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ፣ ጭስ ሲነካው ወይም የእጅ ወዝ ሲጠግብ ይወይባል፤ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ይነጣል። አዲሱንም በሻይ ወይም በቡና ዘፍዝፎ ማስረጀት ቀላል ነው። ባለሙያ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የት ተገኘ? ከምን ጋር?

አክሱምን እንመልከት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአርኪዮሎጂ ባለሙያው የዴቪድ ፊሊፕሰን ቡድን የጡብ ቅስት ካለበት መቃብር የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጹባቸው የዝሆን ጥርስ ሰሌዳዎች አወጣ። የዙፋን ክፍሎች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። ዕድሜያቸውን ለማወቅ የረዳው መቃብሩና አብሮ የተገኘው ዕቃ እንጂ ቀለማቸው አይደለም። ከመቃብሩ ተሰርቀው ገበያ ቢወጡ ኖሮ፣ ውብ ግን ታሪክ አልባ ቁራጮች በሆኑ ነበር።

«ነጭና ለስላሳ ከሆነ የዝሆን ነው» መባሉም ስህተት ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች የሚቀርጹት ጥርስ በብዛት ዋልረስ የተባለ የባሕር እንስሳ ነው። «ጥንታዊ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ሥራቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ሞንትሪያል ላይ የቅርጾቻቸው ሽያጭ ከተካሄደና ገበያው ከሰፋ በኋላ የተሠራ ነው። የዝሆን ጥርስ አምባር ካጋጠመ የተቆረጠውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል፤ እንደ ሰፌድ ስፌት የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። አጥንት ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። በጋለ መርፌ መሞከር ግን ፕላስቲክን ቢያጋልጥም ጥርስን ከአጥንት አይለይም፤ ጠባሳ ትቶ ያልፋል እንጂ።

የመጨረሻው እምነት ጣጣው ከባድ ነው፦ «ከአያቴ የወረስኩት ስለሆነ ይዤው እሄዳለሁ።» በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የግል ይዞታ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የዝሆን ጥርስ ሲሆን በዚያ ላይ የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይጨመርበታል። ኢትዮጵያ የያዘችውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለችው ንግዱን ለማውገዝ ነበር።

እንዲህ ያለ ዕቃ ቤቱ ያለው ሰው ሻጭ ጋ ከመሮጡ በፊት ፎቶ ያንሳው፣ ከማን እንደተረከበው ይጻፍ፣ ለቅርስ ባለሥልጣንም ያሳይ።