የሶላር መብራት መጠን በሐምሌ ፀሐይ እንዲታሰብ

የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰባቸው የገጠር ከተሞችና የገበያ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች ኩራዝንና ፋኖስን ትተው በሶላር መብራት መገልገል ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ንግዱም እየሰፋ ስለ ሄደ ከመርካቶ ሶላር ፓነልና ባትሪ ጭኖ ወደ ወረዳ ከተማ የሚወርደው ነጋዴ ቁጥር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ንግድ ጋራ አብሮ የመጣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም በታኅሣሥ የተሸጠው መብራት በሐምሌ ሲጠፋ ገዥው ተታለልሁ፥ ሻጩም ዕቃው ደኅና ነበረ የሚሉት ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ሳይበላሽ ሒሳቡ ተሳስቶ ይገኛል።

ገዥ ወደ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ዋት አለ?» ብሎ ነው። ሻጩም በፓነሉ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር ያነብለታል። ዐዋቂ ነጋዴ ግን ጥያቄውን ገልብጦ፥ ስንት አምፖል፥ በየትኛው ክፍል፥ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚበራ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል፤ ፓነሉ የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነውና።

ለምሳሌ ያህል ሱቁንና መኖሪያውን በአንድ ግቢ ያደረገ የወረዳ ባለሱቅ ይታሰብ። በሱቁ እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ 2 የኤል ኢ ዲ አምፖሎችን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢያበራ 40 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመኖሪያ ቤቱ አንድ ባለ 5 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት 20፥ በማድ ቤት ባለ 3 ዋት ለ2 ሰዓት 6፥ በደጃፉ ላይ ሌሊቱን ሁሉ የምትበራው ባለ 1 ዋት ለ11 ሰዓት 11 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ድምሩ 77 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ተንቀሳቃሽ ስልክን ነው። ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ዓይነት ስልክ ከባዶ እስኪሞላ ድረስ፥ ከነብክነቱ ወደ 20 ዋት ሰዓት ስለሚፈልግ፥ የባለሱቁና የባለቤቱ ሁለት ስልኮች ብቻ 40 ይጨምራሉ። ይህም የሱቁ መብራት በሙሉ ከሚወስደው ጋራ እኩል ነው። እንግዲህ የዕለቱ ፍጆታ 117 ዋት ሰዓት ሆነ። የጎረቤቶቹን ስልክ በክፍያ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ እንደ ገና መሠራት አለበት።

ይሁን እንጂ ፓነሉ የሚሰጠው ሁሉ ከአምፖሉ አይደርስም። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ፓነል በጀርባው የተጻፈውን ኃይል የሚሰጠው በ18 ቮልት ገደማ ሲሠራ ነው፤ ርካሹ ኮንትሮለር ግን ባትሪው ወዳለበት ወደ 13 ቮልት ስለሚያወርደው ከሩብ የሚበልጠው በዚያው ይቀራል። አቧራው፥ ሙቀቱ፥ ሽቦውና ባትሪው ራሱ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ በፓነሉ ላይ ከተጻፈው ከመቶ 60 ያህሉን ብቻ መቁጠር ለጥንቃቄ ይበጃል፤ በዚህም መሠረት 117 ለመጠቀም 195 ዋት ሰዓት ማሰብ ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐይ ጉዳይ ነው። የቀኑ ብርሃን 12 ሰዓት ያህል ቢቆይም፥ በሒሳብ የሚገባው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት የሚያህል ብርሃን የሚያርፍበት፥ ሙሉ ፀሐይ የሚባለው ሰዓት ነው። ይህም በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በታኅሣሥ በቀን ወደ 6 ሰዓት ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 ይወርዳል። 195ን ለ6 ያካፈለ ነጋዴ 33 ዋት ገደማ ስለሚያገኝ ባለ 30 ዋት ፓነል ይበቃል ብሎ ይሸጣል፤ በበጋውም ወራት ብዙ ቅሬታ አይሰማም። ሐምሌ ሲገባ ግን ያው ፓነል በቀን 72 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚያደርስ፥ ስልኩ ቀርቶ አምፖሎቹ እንኳ እስከ ሰዓታቸው አይቆዩም። ለ4 ያካፈለው ግን 50 ዋት እንደሚያስፈልግ ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚባክነው በባትሪው ነው። ፀሐይ ጭራሽ ሳትታይ ለሚያልፉ 2 ቀኖች የሚሆን ስንቅ ይቀመጥ ቢባል 234 ዋት ሰዓት ይፈለጋል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በታች ደጋግሞ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር እጥፉን፥ ማለት ባለ 12 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት መግዛት ይገባል። ሊትየም ባትሪ ከመቶ 80 ያህሉን ቢሰጥም ስለማይጎዳ 24 አምፔር ሰዓት ይበቃዋል። የመኪና ባትሪ ርካሽ መስሎ ስለሚታይ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ነገር ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፥ ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ስለሆነ በየሌሊቱ ቀስ በቀስ መሟጠጡን አይችለውም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ባለ 50 ዋቱ ፓነል በሐምሌ በቀን የሚያደርሰው 120 ዋት ሰዓት ሲሆን ከፍጆታው የሚተርፈው 3 ብቻ ነው። ባትሪው በ2 ጨለማ ቀኖች የሰጠውን 234 በዚህ ትርፍ ልተካ ቢል 78 ቀን፥ ማለት ክረምቱን በሙሉ ይፈጅበታል። በግማሽ ሙላቱ ወራት የሚከርም የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳይሰነብት ይሞታል። ባለ 80 ዋት ቢገዛ ግን በቀን 75 ስለሚተርፈው በ3 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይሞላል። የፓነል ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በወረደበት በዛሬው ጊዜ፥ ፓነሉን አተልቆ ባትሪውን ማዳን ለገዥው ይረክሳል።

ኢንቨርተርን በሚመለከት፥ ለመብራት ብቻ ከሆነ ባይገዛ ይሻላል። አነስተኛ ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ ተከፍቶ ሲውል 6 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 144 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከቤቱ ፍጆታ ሁሉ ይበልጣል። አምፖሎቹ ባለ 12 ቮልት ከሆኑ ያለ እርሱ ይሠራሉ።

ፓነሉን ወደ ደቡብ በጥቂቱ፥ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ይረዳል። እንደ አውሮፓ ጣራ ማቆም ግን ጉዳት አለው፤ በክረምት መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በኢትዮጵያ ሰማይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለችና።

ሻጩ የአምፖሎቹን ቁጥርና የሚበሩበትን ሰዓት በደረሰኙ ላይ ጽፎ አንዱን ለገዥው ቢሰጥ፥ አንዱንም ለራሱ ቢያስቀር፥ ክርክር ሲነሣ ሁለቱም የሚመለከቱት ያንን ወረቀት ነው። ገዥው ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ጨምሮ በቀን 3 ሰዓት የሚያይ ከሆነ 60 ዋት ሰዓት ስለሚወስድበት፥ ባለ 80 ዋቱ ፓነል በሐምሌ የሚያተርፍለት ከ75 ወደ 15 ይወርዳል።