ኮምፒዩተራችን ለሁሉም የቤተሰብ አባል ይመቻል?

ባለቤቴ ስትወልድ እናቴ ልታርሳት ከደሴ ወደ አሜሪካ መጣችና ስድስት ወር አብራን ቆየች። ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ስትጀምር፣ እማዬ ሕፃኑን ይዛ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋል ጀመረች። እንዳይከፋት ብዬ ሳሎን ያለውን ኮምፒዩተር አሳየኋትና «ያንቺ ነው፤ ከእህትሽ ጋር እየተያያችሁ ተጫወቱ» አልኳት።

ማታ ስገባ ግን አንድም ቀን ተከፍቶ አላገኘሁትም። «ምነው እማዬ፣ ዛሬም አልደወልሽም?» ስላት፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እናንተ ስትመጡ እንደውላለን» ትለኛለች። እኛ ከሥራ ስንመለስ ደግሞ ደሴ እኩለ ሌሊት አልፏል። እኔም ነገሩን ስላልወደደችው ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ግን አጠገቧ ተቀምጬ «እስቲ ራስሽ ክፈችው» አልኳት። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ የማውሱን ቀስት መፈለግ ጀመረች። አላገኘችውም። ያን ጊዜ እኔ «አሳምሬዋለሁ» ያልኩትን ዴስክቶፕ በእሷ ዓይን አየሁት። ጀርባው ጥቁር ነው፤ አይከኖቹ ደቃቅ ናቸው፤ ስማቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከታች ያለው ታስክባርም ካልነኩት እንዲደበቅ አድርጌዋለሁ። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «ዓይኔ አያየውም ብልህ ለመነጽር ወጪ ታወጣለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

በብዙዎቻችን ቤት አንዱን ኮምፒዩተር አባትም፣ እናትም፣ ልጆችም፣ ለጥየቃ የመጡ ወላጆችም ይጠቀሙበታል። ገጹን ያሰናዳው ግን አንድ ሰው ነው። ሌሎቹ ካልተመቻቸው አብዛኛውን ጊዜ አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይተዉታል።

ገጹ እንዲለወጥ ተደርጎ የተሠራ ነው

ዴስክቶፕ ማለት የጽሕፈት ጠረጴዛ ገጽ ማለት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የነበሩ ባለሙያዎች፣ ሰው ትእዛዝ በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ወረቀቶችና ፎልደሮች በዓይኑ አይቶ እንዲሠራ አሰቡ። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን አሠራር የያዘ ኮምፒዩተር ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ደግሞ ባለቤቱ የዴስክቶፑን የጀርባ ንድፍ ራሱ እንዲቀይር ይፈቅድ ነበር። ጠረጴዛው የእርስዎ ከሆነ እንደሚመችዎ ማሰናዳትም የእርስዎ መብት ነው።

ያም ሆኖ ብዙዎቻችን እንደተሰጠን እንተወዋለን። የዊንዶውስ ኤክስፒን አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ያስታውሳሉ? ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳው እውነተኛ ፎቶ ነው። በየኢንተርኔት ካፌውና በየቢሮው ለዓመታት ያየነው ማንም ስላልቀየረው ነው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 11 ነው። በሌሎች ኮምፒዩተሮችም ተመሳሳዩ አለ፤ የሚለየው የሚገኝበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ይታይ

«ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ቴክስት ሳይዝ» የሚለውን ይክፈቱ። ፊደሉን ከ100 እስከ 225 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። እዚያው «አክሰሲቢሊቲ» ውስጥ የማውሱን ቀስት ማተለቅና ቀለሙን ቢጫ ወይም አረንጓዴ ማድረግ ይችላሉ። እማዬን ከሁሉ በላይ የረዳት ይህ ነው።

አይከኖቹን ለማተለቅ ዴስክቶፑ ላይ ሆነው «ኮንትሮል» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ያሽከርክሩ። አንድን ጽሑፍ ለጊዜው ብቻ ማጉላት ሲፈልጉ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከመደመር ምልክት ጋር ይጫኑ፤ ሲጨርሱ የዊንዶውሱን ቁልፍ ከ«ኢስኬፕ» ጋር ይጫኑ።

የጀርባውን ፎቶ የሚመርጡት ለውበቱ ብቻ አይሁን። አበባና ሕንጻ የበዛበት ፎቶ አይከኖቹን ይውጣቸዋል። የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ የሰዎቹ ፊት ወደ ቀኝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አይከኖቹ የሚደረደሩት በግራ በኩል ስለሆነ የአያትን ፊት አይሸፍኑም። ጥቁር ጀርባ ይሻላል ወይስ ነጭ? ለዚህ አንድ መልስ የለም። ዓይኑ ሞራ ያለበትን ሰው ደማቅ ብርሃን ሊያስቸግረው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ከጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ማንበብ ያቅተዋል። ሁለቱንም አሳይቶ መጠየቅ ነው።

በአማርኛ ይሰየም

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነገር ግን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ናት። ታዲያ ስሙ በአማርኛ ከተጻፈላት ምን ይቸግራታል?

አንድን አይከን አንድ ጊዜ ነክተው ከኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ «ኤፍ 2» የሚለውን ቢጫኑ ስሙን መቀየር ይችላሉ። የአቋራጩ ስም ቢቀየር ፕሮግራሙ አይነካም። በአማርኛ ለመጻፍ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ውስጥ አማርኛን ይጨምሩ፤ ከዚያ የዊንዶውሱን ቁልፍ ከረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ጋር በመጫን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራሉ። እኔ ሦስት አይከን ብቻ አስቀርቼ «መደወያ»፣ «ፎቶ» እና «ዜና» ብዬ ሰየምኳቸው። የቀረውን ሁሉ ከዴስክቶፑ ላይ አነሳሁት።

ዊንዶውስ ራሱ በአማርኛ እንዲናገር ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም ነገር ስላልተተረጎመ ግማሹ በእንግሊዝኛ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ሦስት አይከን በአማርኛ መሰየም ይበቃል።

የሀገር ቤት ሰዓት

«ዴት ኤንድ ታይም» ውስጥ «አዲሽናል ክሎክስ» የሚል ያገኛሉ። ከሚኖሩበት ሰዓት ሌላ እስከ ሁለት ተጨማሪ ሰዓት ማስገባት ይቻላል። ከዝርዝሩ «ናይሮቢ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነውና። ስሙን ግን «ደሴ» ወይም «ጎንደር» ብለው ይጻፉት። የማውሱን ቀስት ታስክባሩ ላይ ባለው ሰዓት ላይ ሲያሳርፉ ይታያል። የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከሰዓት 4 ሰዓት ካለ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑን ለወላጅዎ ያስረዱ። ሰው ይተኛ እንደሆነ እየፈሩ ከመደወል መቆጠብ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ

«ታዲያ እኔ የለመድኩት ሊቀር ነው?» ይሉ ይሆናል። አይቀርም። «አካውንትስ» ውስጥ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱን መግቢያ መክፈት ይቻላል። የፊደሉ መጠን፣ ፎቶውና አይከኖቹ በየሰው ስም ይቀመጣሉ። የእኔ ጥቁር ዴስክቶፕ አሁንም አለ። የልጅዎ የጨዋታ ገጸ ባሕርይ የሞላበት ገጽም በእሱ ስም ይኖራል። ልጁም የአባቱን የሥራ ፋይል በስህተት አያጠፋም።

ሲያሰናዱ ግን ሦስት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ «ነፃ የዴስክቶፕ ማስዋቢያ» እያሉ ከሚጠሩ ከማይታወቁ ድረ ገጾች ምንም አያውርዱ፤ ከጌጡ ጋር ቫይረስ ሊገባ ይችላል። ከላይ ላነሳነው ሁሉ ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ሁሉን አይቀይሩ። አንዱን ቀይረው ሁለት ሦስት ቀን ይለማመዱበት። ሦስተኛ፣ የሌላውን ዴስክቶፕ ሳይጠይቁ «አያጸዱ»። ለእርስዎ የተዝረከረከ የሚመስለው፣ ለባለቤቱ እያንዳንዱ ነገር ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ጓዳው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ግማሽ ሰዓት ወስደው እናትዎ፣ አባትዎ ወይም ልጅዎ አጠገብ ይቀመጡ። ማውሱን አይንኩ፤ «እዚህ ጋ ነው» ብለውም አይቅደሟቸው። ዓይናቸው የት እንደሚቸገር፣ እጃቸው የት እንደሚያመነታ ዝም ብለው ይመልከቱ። «ተመቸህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ወላጆቻችን «ግድ የለም» ማለት ይቀናቸዋል።

እኔና እማዬ ያን ቅዳሜ ሁሉንም አልጨረስንም። ቀስቱን ቢጫ አደረግን፣ ፊደሉን አተለቅን፣ «መደወያ» ብለን ሰየምን። ሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ሕፃኑ ተኝቷል፤ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ነው። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና ቀና ሳትል፣ «አክስትህ ሰላም ብላሃለች፤ ከስተሃል ብላለች» አለችኝ።